ያለ ጂም ስፖርት፦ የትኛው ምን ይሰጣል? ምንስ ያስቀራል?

እናቴ ከወንበር ስትነሳ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ትተክላለች። ወደፊት ትንሽ ታጋድላለች፣ ትንፋሿን ትሰበስባለች፣ ከዚያ «እህህ» ብላ ትነሳለች። ሰነፍ ሆና ግን አይደለም። ለዓመታት በየቀኑ ማለት ይቻላል ከአርባ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት በእግሯ ትሄዳለች። ዳገት ላይ እንኳን ወሬዋን አታቋርጥም። ዝቅ ካለ ወንበር መነሳት ግን ይፈትናታል።

መጀመሪያ ሳስተውለው ግራ ገባኝ። ስፖርት ትሠራ የለም እንዴ? ትሠራለች። የምትሠራው ስፖርት ያልነካው ነገር ስላለ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስፖርትን የማወዳድርበት መንገድ ተለወጠ። ድሮ «የትኛው ይሻላል?» እያልኩ ነበር የምጠይቀው። አሁን ግን ቀድሜ የምጠይቀው «ይሄኛው ምን ያስቀራል?» ብዬ ነው። ጥያቄው ሲቀየር መልሱም ይቀየራል።

ስልካችን ላይ የሚመጡትን ቪዲዮዎች ተመልከቱ። አንዱ በቀን አራት ደቂቃ ይበቃል ይላል። ሌላዋ ዮጋ ብቻውን ለሁሉም ነገር መድኃኒት እንደሆነ ትናገራለች። ሦስተኛው ላቡን እያንጠፈጠፈ፣ ፑሽ አፕ ካልሠራችሁ ምንም አልሠራችሁም ይላል። የሚሉት ሁሉ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። እያንዳንዱ ስልት የማይደርስበት ቦታ አለ፤ እሱን ግን አይነግሩንም።

ነገሩ ትንሽ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረገው አሃዝ መሠረት፣ በ2022 ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶው ለጤናው የሚያስፈልገውን ያህል አልተንቀሳቀሰም። ይህ 1.8 ቢሊዮን ያህል ሰው ነው። ለብዙው ሰው ጂም ወይ ይርቃል፣ ወይ ይወደዳል፣ ወይ ሰዓቱ አይገጥምም። ሰው ፊት መሥራት የሚያሳፍረውም አለ። ለእነዚህ ሰዎች ዕቃ የማይጠይቀው ስፖርት ዋናው ስፖርታቸው ነው። እንግዲያው ጠንቅቀን ልናውቀው ይገባል።

በምን እንለካው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ለማወዳደር ይመቻል። ለአዋቂ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው የልብና የትንፋሽ ሥራ ነው፦ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ። ሁለተኛው የጡንቻ ሥራ ነው፦ ቢያንስ በሳምንት 2 ቀን፣ ዋና ዋና ጡንቻዎችን ሁሉ የሚነካ። ዕድሜው ከ65 ያለፈ ሰው ላይ ሦስተኛ ነገር ይጨመራል። በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ እንዲሠራ ይመከራል።

መካከለኛውን ከጠንካራው ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። እየሠራችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ መካከለኛ ነው። ሦስት አራት ቃል ተናግራችሁ አየር መሳብ ግድ ካላችሁ ጠንካራ ነው።

ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። 150 ደቂቃውን በደንብ ይሞላና ጨረስኩ ይላል። እናቴም እንዲያው ነበረች። መመሪያውን አንድ ቅጠል ገለጥ አድርገን ሁለተኛውን ስናነብ ነው ወንበሩ ምን እያለን እንደሆነ የገባን።

እግር ጉዞ፣ ሩጫ፣ ገመድ

እግር ጉዞን ማቃለል አልወድም። ከሁሉም ስልት ብዙ ሰው የሚዘልቅበት እሱ ነው። ሥልጠና አይፈልግም፤ የሚጎዳውም ሰው ጥቂት ነው። ለልብ የሚያደርገው ነገር ደግሞ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ የለንደን አውቶቡስ ሠራተኞችን አወዳድረው ነበር። ሾፌሮቹ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይውላሉ። ቲኬት ቆራጮቹ ደግሞ ባለ ሁለት ፎቁን አውቶቡስ ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ይውላሉ። በልብ ሕመም በብዛት የተጠቁት ሾፌሮቹ ሆነው ተገኙ። አውቶቡሱ አንድ ነው፣ የሥራ ሰዓቱም ተመሳሳይ ነው። የሚለያቸው በዋናነት ወንበሩና ደረጃው ነበር።

«በቀን አሥር ሺህ እርምጃ» የሚለው ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። የቶኪዮ ኦሊምፒክ በተካሄደ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ጃፓን ውስጥ አንድ የእርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ ቀረበ። ስሙ «ማንፖ ኬይ» ይባላል፤ የአሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ እንደማለት ነው። ቁጥሩ ከዕቃ ስም ተነስቶ ነው የዓለም ሕግ የመሰለው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ጥናት 16,741 አረጋውያን ሴቶችን ተከታትሏል፤ አማካይ ዕድሜያቸው 72 ነበር። በቀን 4,400 ያህል የሚራመዱት፣ 2,700 ያህል ብቻ ከሚራመዱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በክትትሉ ዘመን የመሞት ዕድላቸው በ41 በመቶ ያነሰ ነበር። ጥቅሙ እየጨመረ ሄዶ 7,500 አካባቢ ሲደርስ ለጥ አለ። በእርግጥ ጤናማ ሰው ከታመመ ሰው ይበልጥ ስለሚራመድ ልዩነቱ ሁሉ የእርምጃው ውጤት ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም አሥር ሺህ አልሞላልኝም ብሎ ተስፋ ለሚቆርጥ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከሦስት ሺህ ወደ አምስት ሺህ መሄድ ብዙ ዋጋ አለው።

እግር ጉዞ የሚያስቀረው የጡንቻን ጉልበት ነው። ጡንቻ የሚጠነክረው ካልለመደው ነገር ጋር ሲታገል ነው። ሜዳ ላይ መራመድን እግራችን ከልጅነት ጀምሮ ለምዶታል፤ ምንም አዲስ ነገር አይጠየቅም። በሌላ በኩል ከ30 ዓመት በኋላ ጡንቻ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ እየቀነሰ እንደሚሄድ ይገመታል። ከ60 በኋላ ፍጥነቱ ይብሳል። በእግር መሄድ ይህን ቁልቁለት ብቻውን አያስቆመውም።

ሩጫ ትንፋሽን በግማሽ ሰዓት ያሠራል፤ ለጊዜ ድሃ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሩጫ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው የጉልበት ፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ግን የሚያረጋጋ ነገር አለው። ለጤና ብለው ከሚሮጡ ሰዎች የጉልበት ወይም የዳሌ መገጣጠሚያ መበላት የታየባቸው 3.5 በመቶ ነበሩ። ከማይሮጡትና ተቀምጠው ከሚውሉት ግን 10.2 በመቶ። ለውድድር የሚሮጡት ላይ ቁጥሩ 13.3 ደርሷል። ስለዚህ ልከኛ ሩጫ ጉልበት ይበላል የሚለው ወሬ ጠንካራ መሠረት የለውም። ሯጭን በብዛት የሚጎዳው ችኮላ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ርቀቱን እጥፍ የሚያደርግ ሰው እግሩ ሳይዘጋጅ ይጎዳል።

ገመድ ዝላይ ላይ ይህ በራሴ ደርሷል። የመጀመሪያ ቀን አሥር ደቂቃ ዘለልኩ፤ ደስ አለኝ። በማግስቱም ደገምኩ። በሳምንቱ የፊት ቅልጥሜ እንኳን ልዘል ደረጃ መውረድም አሳመመኝ። ሁለት ሳምንት አርፌ እንደገና ስጀምር ሠላሳ ሴኮንድ ዘልዬ ሠላሳ ሴኮንድ እያረፍኩ፣ በቀን በድምሩ ሦስት ደቂቃ ብቻ ነበር። ያኔ ሰውነቴ ተቀበለው። ገመድ ኃይለኛ ነው፤ ጉልበት የሚጠይቀው ፈጠን ያለ ሩጫን ያህል ነው። አጥንት ደግሞ እንዲህ ያለ አጭር ምት ሲያገኘው ይጠነክራል፤ ዋናና ብስክሌት ይህን አይሰጡም። ነገር ግን ከወገብ በላይ ያለውን ሰውነት ብዙም አያጠነክርም። ክብደቱ ለበዛ ወይም ጉልበቱን ለሚያመው ሰውም መነሻ አይሆንም።

የራስን ክብደት መሸከም

ፑሽ አፕ፣ ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝ)። ዕቃው ራሳችን ነን። እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው ስልቱን ሞክሮ ተስፋ የሚቆርጠው ስልቱ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ክብደቱን ማስተካከል እንደሚቻል ሳያውቅ ቀርቶ ነው።

ፑሽ አፕ ስትሠሩ እጃችሁ ከሰውነታችሁ ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ይሸከማል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 40 ኪሎ ገደማ እየገፋ ነው ማለት ነው። ስፖርት ጀምሮ ለማያውቅ ሰው ይሄ ከባድ ነው። ጉልበታችሁን መሬት ላይ ስታደርጉ ሸክሙ ወደ ግማሽ ይወርዳል። እጃችሁን የማይንቀሳቀስ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ስታደርጉ ደግሞ የበለጠ ይቀላል። ቆማችሁ ግድግዳ ስትገፉ እጅግ ይቀላል። እግራችሁን ወንበር ላይ ሰቅላችሁ ከሠራችሁት በተቃራኒው ይከብዳል። ጂም ውስጥ ብረት የሚቀየረው ለዚህ ነው፤ እዚህ የሚቀየረው የሰውነት አቀማመጥ ነው።

እናቴ በግድግዳ ነው የጀመረችው። ስምንት ጊዜ። ወገቧ እንዳይዘም፣ ክርኗም ወደ ውጪ እንዳይገለበጥ እያየሁ እቆጥርላታለሁ። ለእግሯ ደግሞ ያንኑ ወንበር ተጠቀምን። መቀመጫው ላይ ጠንካራ ትራስ አስቀመጥንና ከፍ አደረግነው። እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ቀስ ብላ ትቀመጣለች፣ ቀስ ብላ ትነሳለች። የሚያስቸግራት መነሳቱ ይመስለን ነበር። ስናየው ግን መቀመጡም ችግር ነበረው፤ መጨረሻ ላይ «ድብ» ብላ ነበር የምትወድቀው። ስለዚህ ወደ ታች ስትወርድ እስከ ሦስት እንቆጥራለን። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ዙር። ስድስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ትራሱን አነሳነው።

ይህ ለጡንቻ በእርግጥ ከብረት ጋር ይስተካከላል ወይ? በልኩ ከተሠራ፣ በተለይ ለጀማሪ፣ አዎ። ጃፓን ውስጥ በ18 ወጣት ወንዶች ላይ የተደረገ አንድ ትንሽ ጥናት ፑሽ አፕን ከቤንች ፕሬስ፣ ማለትም በጀርባ ተኝቶ ብረት ከመግፋት ጋር አወዳድሮ ነበር። ሸክሙን አመጣጥነው ለ8 ሳምንት አሠሯቸው። የደረታቸውና የክንዳቸው ጡንቻ የወፈረው በተቀራራቢ መጠን ነው። ሌሎች ጥናቶችም ቀለል ያለ ክብደት እስኪደክም ድረስ ከተሠራ ጡንቻን እንደ ከባዱ ማሳደግ እንደሚችል አሳይተዋል። ዋናው ቃል «እስኪደክም» የሚለው ነው። ሃያ መሥራት የሚችል ሰው አሥር ላይ ካቆመ ጡንቻው የሚለወጥበት ምክንያት አያገኝም። ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሲቀራችሁ አቁሙ። ያ በቂ ነው።

ስለ ፑሽ አፕ ብዙ የተወራለት ሌላ ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ነው። 1,104 አሜሪካውያን ወንድ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ለ10 ዓመት ተከታትሏል። ከ40 በላይ ፑሽ አፕ መሥራት የቻሉት፣ ከ10 በታች ከሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የልብና የደም ሥር ሕመም የገጠማቸው በ96 በመቶ ባነሰ መጠን ነው። ይህ አሃዝ «ፑሽ አፕ ልብን በ96 በመቶ ያድናል» ተብሎ ሲዞር አይቻለሁ። ጥናቱ ግን እንዲያ አላለም። 40 ፑሽ አፕ መሥራት የሚችል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክብደቱ ልከኛ፣ ትንፋሹ ጥሩ ነው። ፑሽ አፑ የጤናው ምልክት ነው። በዚያ ላይ ሴቶች አልተካተቱም፤ ሥራቸው ጉልበት የሚጠይቅ ሰዎች ብቻ ነበሩ።

የራስን ክብደት መሸከም የሚያስቀረው ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው መሳብ ነው። መሬት ይገፋል እንጂ አይሳብም። ፑሽ አፕ፣ ስኳትና ፕላንክ ብቻ የሚሠራ ሰው ደረቱና ጭኑ እየጠነከሩ ጀርባው ወደ ኋላ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ስልክና ኮምፒውተር ላይ ለሚያጎነብስ ሰው ደግሞ ይበልጥ የሚያስፈልገው ጀርባ ነው። መፍትሔው የሚንጠለጠሉበት ነገር መፈለግ ነው፤ የሕፃናት መጫወቻ ላይ ያለ ብረትም ይሆናል። እሱ ከሌለ የጀርባ ቦርሳ መጽሐፍ ሞልታችሁ፣ ከወገባችሁ ጎንበስ ብላችሁ፣ ጀርባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ እምብርታችሁ ሳቡ። እኔ ይህን ነው የምሠራው። መጽሐፍ በጨመርኩ ቁጥር ይከብዳል።

ሁለተኛው የእግር ነገር ነው። እግር ጠንካራ ስለሆነ ተራ ስኳት ቶሎ ይቀለዋል። ሃምሳ ስኳት መሥራት ስትችሉ የምታሠሩት ከጡንቻው ይልቅ ትንፋሹን ነው። ያኔ ቁጥር ከመጨመር ሸክሙን ወደ አንድ እግር አዙሩት። ደረጃ ላይ በአንድ እግር ቀስ ብሎ መውጣትና መውረድ፣ አንድ እግርን ወደ ኋላ አስረዝሞ መውረድ፣ ወይም ሲወርዱ እስከ አምስት መቁጠር። አሥር ብቻ ሠርታችሁ ጭናችሁ ይቃጠላል።

አራት ደቂቃዋ

ታባታ የሚለውን ቃል የማያውቅ የስልክ ተጠቃሚ ያለ አይመስለኝም። ሃያ ሴኮንድ ሥራ፣ አሥር ሴኮንድ እረፍት፣ ስምንት ጊዜ፤ በድምሩ አራት ደቂቃ። ስሙ የመጣው ከጃፓናዊው ተመራማሪ ኢዙሚ ታባታ ነው። ስልቱን ይጠቀምበት የነበረው የበረዶ ላይ ሸርተቴ ቡድን አሠልጣኝ ሲሆን፣ ታባታና ባልደረቦቹ ውጤቱን ለክተው እ.ኤ.አ. በ1996 አሳተሙት።

ያ ጥናት ምን እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ሰዎቹ ስፖርት የለመዱ ወጣቶች ነበሩ። የሚሠሩት በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ነው። ሸክሙም ሰውነታቸው ኦክስጅን መጠቀም ከሚችልበት ጣሪያ በ70 በመቶ ያልፋል። ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ዙር ላይ መቀጠል ያቅታቸዋል። ከስድስት ሳምንት በኋላ በመካከለኛ ኃይል አንድ ሰዓት ሙሉ ፔዳል ሲመቱ ከነበሩት ጋር ተወዳደሩ። የትንፋሽ አቅማቸው ከእነሱ አላነሰም። ለአጭር ጊዜ ኃይለኛ ሥራ ያላቸው አቅም ደግሞ በ28 በመቶ አደገ፤ በአንድ ሰዓቱ ቡድን ላይ ይህ አልታየም።

አሁን ስልካችን ላይ ያለውን «ታባታ» አስቡት። ሃያ ሴኮንድ ፕላንክ፣ አሥር ሴኮንድ እረፍት፣ ሃያ ሴኮንድ ሲት አፕ። ሰዓቱን ወስደው ኃይሉን ጥለውታል። ጥሩ እንቅስቃሴ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ውጤት ግን አይሰጥም። ጥናቱ ላይ ያ ውጤት የተገኘው በሰዓቱ አይደለም፣ በኃይሉ ነው።

ይህ ማለት ኢንተርቫል፣ ማለትም አጭር ኃይለኛ ሥራን ከእረፍት ጋር እያፈራረቁ መሥራት፣ ለተራ ሰው አይሆንም ማለት አይደለም። ካናዳ ውስጥ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከዚያ በፊት ስፖርት የማይሠሩ ወንዶች በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 10 ደቂቃ ብስክሌት ላይ ነበሩ። ከአሥሩ ደቂቃ በሙሉ ኃይል የሚመቱት ሦስት ጊዜ 20 ሴኮንድ ብቻ፣ ማለትም አንድ ደቂቃ ነው። ሌላው ቡድን 50 ደቂቃ ይሠራል። በ12 ሳምንት የሁለቱም የትንፋሽ አቅም በ19 በመቶ አካባቢ ጨመረ። ደረጃ ላይ ወይም ዳገት ላይ ተመሳሳይ ነገር መሞከር ይቻላል። ሃያ ሴኮንድ በጥድፊያ መውጣት፣ ሁለት ደቂቃ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ፣ ሦስት ጊዜ።

ኢንተርቫል ስብ ያቃጥላል ሲባል ትሰማላችሁ። ክብደታቸው የበዛ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲገመገሙ ኢንተርቫሉም ዝግታውም የቀነሱት ስብ ተመሳሳይ ነው። የኢንተርቫል ትርፉ ጊዜ ነው፤ ያንኑ ውጤት 40 በመቶ ያህል ባነሰ ሰዓት ይሰጣል። ያስቀራቸው ነገሮች ግን አሉ። ከባድ ክብደት የመሸከም ጉልበት አይሰጥም። በየቀኑ አይሠራም። ሰው ሲደክም ደግሞ አቋሙ ይበላሻል፤ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ወገቡ ይጎብጣል። ስለዚህ ፍጥነት ላይ የሚሠራ እንቅስቃሴ ቀላል ይሁን። ዳገት መውጣት፣ ቦታ ላይ መሮጥ። እየዘለሉ የሚወድቁበት ቡርፒ ለጀማሪ የመጨረሻው ምርጫ መሆን አለበት። የልብ ሕመም ያለበት ወይም ሲንቀሳቀስ ደረቱን የሚያመው ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር ይህን አይነካካ።

ዮጋ፣ ፒላተስ፣ ታይ ቺ

እነዚህን ሦስቱን ሰው በአንድ ከረጢት ይከታቸዋል፤ ግን ይለያያሉ።

ዮጋ ወገብ ለሚያመው ሰው ይረዳል። ማስረጃው ሲገመገም ምንም ካለመሥራት ጋር ሲነጻጸር ትንሽም ቢሆን ለውጥ አለው። ከሌላ የጀርባ እንቅስቃሴ ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይህ ዮጋን ያሳንሰዋል ብዬ አላስብም። ሰው በፀጥታ ሃያ ደቂቃ ከትንፋሹ ጋር መቀመጡ በራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ጭንቀት ላለበትም ያግዛል። ችግሩ በዝግታ የሚሠራው ዮጋ ለልብ የሚያስፈልገውን ያህል አያስተነፍስም። ከፈጣን እግር ጉዞ ያነሰ ነው። ከ150ው ደቂቃ ላይ ብትቆጥሩት ሒሳቡ አይሞላም። መሳብም የለውም።

የፒላተስ ታሪክ ለጉዳያችን ቅርብ ነው። ጆሴፍ ፒላተስ እ.ኤ.አ. በ1883 የተወለደ ጀርመናዊ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ብሪታንያ ውስጥ ደረሰበትና እንደ ጠላት አገር ዜጋ ታሰረ። ስልቱን ያዳበረው እዚያ፣ ብዙ ዕቃ በሌለበት ነው። ዛሬ ስፕሪንግና አልጋ መሰል ማሽን ያለበት ስቱዲዮ ቢበዛም፣ ምንጣፍ ላይ የሚሠራው ፒላተስ ዋጋው አልቀነሰም። ሆድን፣ ወገብንና ዳሌን አስተባብሮ ማንቀሳቀስ ያስተምራል። ልብንና የላይኛውን ጀርባ ግን ያስቀራል።

ታይ ቺ ለወጣት ዓይን አሰልቺ ይመስላል። ቀስ ብሎ ክብደትን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ማዛወር ነው። ዕድሜው ለገፋ ሰው ግን ከሦስቱ የምመርጠው እሱን ነው። የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው የሚወድቁ አረጋውያንን ቁጥር በ20 በመቶ ያህል ሊቀንስ ይችላል። በእርጅና አንድ መውደቅ ዳሌ ይሰብራል፤ የተሰበረ ዳሌ ደግሞ ሰውን አልጋ ላይ ያስቀራል። መመሪያው ለአረጋውያን ሚዛንን ለብቻ የጠቀሰውም ለዚህ ነው።

ግድግዳው

ከሁሉም በላይ የገረመኝ ስልት እንቅስቃሴ የሌለው ነው። ጀርባን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሆኖ፣ ዝም ብሎ መቆየት።

እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ግምገማ 270 ጥናቶችንና 15,827 ሰዎችን አካትቶ የትኛው ስፖርት የደም ግፊትን ይበልጥ እንደሚቀንስ አየ። ሳይንቀሳቀሱ ጡንቻን ወጥሮ የመያዝ ስልት የላይኛውን ግፊት በአማካይ በ8.24 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የግፊት መለኪያው)፣ የታችኛውን በ4 ቀንሶ ተገኘ። እግር ጉዞና ሩጫ የመሳሰሉት የላይኛውን በ4.49 ነበር የቀነሱት። ኢንተርቫል በ4.08። ሁሉም ይቀንሳሉ፤ ግን ሳይንቀሳቀሱ የሚሠራው ይቀድማል ብሎ የጠበቀ ሰው ጥቂት ነው።

አሠራሩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ሁለት ደቂቃ መያዝ፣ ከአንድ እስከ አራት ደቂቃ ማረፍ፣ አራት ጊዜ መድገም፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ሞክሩት። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ሴኮንዶች ምንም አይደሉም። አርባ ላይ ጭን ይሞቃል። አንድ ደቂቃ ካለፈ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ከጉልበት በላይ ያለው ሥጋ ለብቻው ይርገፈገፋል። ያኔ ሰው ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል። መጠንቀቅ ያለባችሁ እዚያ ላይ ነው። ትንፋሽ ሲታፈን ግፊት ለጊዜው ይጨምራል፤ ስለዚህ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ፣ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን ሊይዝ አይችልም። ሁለት ደቂቃ ካቃታችሁ በጣም ዝቅ አትበሉ። ከፍ ብላችሁ ተደገፉ። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ግድግዳውን ጀመርኩ ብሎ መድኃኒቱን አያቁም፤ የሚቀንስለት ሐኪሙ ነው።

የሚያስቀረው ብዙ ነው። ትንፋሽ የለውም፣ መግፋትና መሳብ የለውም፣ ሚዛን የለውም። ለደም ግፊት ግን፣ በየመሃሉ ሁለት ደቂቃ ካረፋችሁ፣ አሥራ አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ይወስዳል።

ታዲያ እንዴት ይደባለቅ?

እኔ የማደርገውን ልናገር። መሠረቱ እግር ጉዞ ነው። ፈጠን ብዬ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ሠላሳ ደቂቃ። በዚህ 150ው ይሞላል። ሁለት ቀን፣ በቀን ሃያ አምስት ደቂቃ፣ ጡንቻ እሠራለሁ። አንድ የሚገፋ፣ አንድ የሚሳብ፣ አንድ የእግር፣ አንድ ከዳሌ ጎንበስ ቀና የሚል። እያንዳንዱን ሁለት ሦስት ዙር። ጥርሴን ስፍቅ በአንድ እግሬ እቆማለሁ፤ ግማሹን በቀኝ፣ ግማሹን በግራ። ሳምንቱ ሲጠብብኝ አንዱን የእግር ጉዞ ዳገት ላይ በኢንተርቫል እለውጠዋለሁ።

የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። ዮጋ የምትወድ ሴት ዮጋዋን ለምን ትተወዋለች? ሁለት ቀን ፈጠን ያለ ጉዞና የቦርሳ መሳብ ትጨምርበት። የሚሮጥ ሰው ፑሽ አፕና የአንድ እግር ስኳት ይጨምር። ፑሽ አፕ ብቻ የሚሠራ ወጣት ከቤት ይውጣና ይራመድ። የምትወዱትን ያዙ፤ የሚያስቀረውን ብቻ ፈልጋችሁ ሙሉበት። ሰው ለዓመታት የሚዘልቀው በሚወደው ነገር ነውና።

ሁለት ቁጥር ብቻ ጻፉ። የመጀመሪያው፣ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምራችሁ በ30 ሴኮንድ ስንት ጊዜ ከወንበር ትነሳላችሁ? ሁለተኛው፣ አንድ የምታውቁትን ዳገት ወይም ደረጃ ወጥታችሁ ስትጨርሱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር የምትችሉት ከስንት ሴኮንድ በኋላ ነው? በወር አንዴ ድገሙት። ከሚዛኑ ቁጥር ይልቅ እነዚህ ሁለቱ ስለ እናንተ ብዙ ይናገራሉ።

እናቴ ማስታወሻዋን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋለች። የመጀመሪያው ወር 6 ይላል፤ ያውም በትራሱ። የባለፈው ወር 11 ነው፣ ያለ ትራስ። ከአጠገቡ በእስክሪብቶ አንድ ነገር ጽፋለች፦ «ቅዳሜ ሳምንት 12»።